85 እና −127፦ ሴንሰሩ ምን እያለህ ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦

«ሰላም ጋሼ። ቢሾፍቱ ነው ያለሁት። 120 እንቁላል የሚይዝ ማስፈልፈያ በአርዱይኖ ኡኖ፣ ፕሮግራም በምትቀበለው ትንሽ ሰሌዳ፣ እየሠራሁ ነው። ሙቀቱን የሚለኩልኝ ሁለት ዲኤስ18ቢ20 ሴንሰሮች ናቸው፤ ውሃ የማያስገባው፣ የብረት ቆብ ያለው ዓይነት። ገመዳቸውን ወደ 6 ሜትር ቀጥዬዋለሁ። ማሞቂያው አምፖል ነው፣ በሪሌይ፣ በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው የሚበራው። ብዙውን ጊዜ ደህና ያነባሉ። ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ 85 ይላል። ሪሌዩ ጠቅ ሲል ደግሞ አንዳንዴ −127 ያወጣል። ሁለቱ ሴንሰሮች እርስ በርስ በ0.6 ዲግሪ ይለያያሉ። በፈላ ውሃ ስሞክራቸው 93 ተኩል አካባቢ ቆሙ፣ 100 አልደረሱም። ፎርጅድ ናቸው እንዴ? ልቀይራቸው ወይስ ችግሩ ኮዴ ነው?»

ቆይ፣ ገና አትቀይር። ሴንሰሮችህ ጤነኛ ይመስሉኛል። እንዲያውም የፈላው ውሃ ጤነኝነታቸውን መስክሮላቸዋል፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። 85 እና −127 የሙቀት መጠን አይደሉም፤ መልእክት ናቸው። 85 ማለት «ገና አልለካሁም» ነው። −127 ማለት ደግሞ «ሴንሰሩን ላገኘው አልቻልኩም» ነው። የመጀመሪያውን የሚልክልህ ሴንሰሩ ራሱ ነው። ሁለተኛውን የሚሰጥህ ኮድህ ውስጥ ያለው ላይብረሪ፣ ከሴንሰሩ ጋር የሚያወራልህ የተዘጋጀ ኮድ፣ ነው። ሴንሰሩ ከ−55 በታች መለካት ስለማይችል −127 ከእሱ ሊመጣ አይችልም። ያንተ ፕሮግራም ግን ሁለቱንም እንደ ሙቀት ነው የሚያያቸው። 85 ሲያይ «ሳጥኑ ነደደ» ብሎ አምፖሉን ያጠፋል። −127 ሲያይ «በረደ» ብሎ ያበራል። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው።

ደርሶብኝ ነው የማውቀው። የመጀመሪያ ማስፈልፈያዬን የሠራሁ ጊዜ የሴንሰሩ ገመድ ሌሊት ከተርሚናሉ ወለቀ። ላይብረሪው −127 አለ። ፕሮግራሜ የታዘዘውን አደረገ፣ ሌሊቱን ሙሉ አምፖሉን አበራ። ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት የተቀበለኝ የቅቅል ሽታ ነው። 60 እንቁላል፣ በ14ኛ ቀናቸው። እቤት «ቁርስ ደርሷል?» እየተባልኩ ሳምንት ከረምኩ።

አሁን ወደ 85 እንሂድ። ይህ ሴንሰር ኃይል ባገኘ ቁጥር ማስታወሻው ላይ 85 ተጽፎ ነው የሚነሳው። ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው። ከዚያ በራሱ ተነስቶ አይለካም፤ «ለካ» ሊባል ይገባል። ትእዛዙን ሲሰማ መለካት ይጀምራል፣ በ12 ቢት ጥራት ከሆነ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ ነው «ያገኘኸውን አምጣ» የሚባለው። ሳይጨርስ ከጠየቅከው ማስታወሻው ላይ ያለውን አሮጌ ቁጥር ያስረክብሃል። ጀበናው ሳይንተከተክ ሲኒ እንደ ማቅረብ ነው።

የሚመልስልህ 9 ባይት ነው። ሙቀቱ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ውስጥ ነው። አንዴ በእጅህ ብታሰላው ነገሩ ሁሉ ይገለጥልሃል። የመጀመሪያው ባይት 88፣ ሁለተኛው 2 ሆነው መጡ እንበል። ሁለተኛውን በ256 ታባዛለህ፣ 512። 88 ስትጨምርበት 600። እያንዳንዷ አሃድ 0.0625 ዲግሪ ናት። 600 በ0.0625 ሲባዛ 37.5። ይኸው፣ ለእንቁላል የምትፈልገው ሙቀት። አሁን ደግሞ 80 እና 5 ይምጡ። 5 በ256፣ 1280። 80 ሲጨመር 1360። በ0.0625 ስታባዛው ጥንቅቅ ያለ 85 ነው። ስለዚህ 85 ያለ ምንም ፍርፋሪ ሲመጣ ሁሌም ጠርጥር።

መብራት ሲመለስ 85 የምታየው ለዚህ ነው። ሴንሰሩ ገና ነቅቷል፣ ኮድህ ደግሞ ቸኩሏል። ላይብረሪው ካልከለከሉት በራሱ ይጠብቃል። ግን ብዙ ሰው ስክሪኑ እንዳይደነዝዝ ብሎ መጠበቁን ያጠፋዋል፣ ከዚያ ሰዓት መያዙን ይረሳዋል። አንተም ይህን ሳታደርግ አልቀረህም። ኮድህን እየው። መጠበቁን ካጠፋኸው «ለካ» ያልክበትን ሰዓት መዝግብ፣ ቢያንስ 750 ሚሊሰከንድ ካለፈ በኋላ ብቻ አንብብ። እኔ 800 ነው የምሰጠው። ሲነሳ የመጀመሪያዋን ንባብ ደግሞ ዝም ብለህ ጣላት።

85 በሥራ መሀል ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሴንሰሩ ኃይል አጥቶ እንደ አዲስ ተነስቷል ማለት ነው። ተጠርጣሪው ሪሌይህ ነው። የተለመደው ባለ 5 ቮልት ሪሌይ ጥቅልል ወደ 70 ሚሊአምፔር ይጠጣል። ሴንሰሩ ሲለካ የሚፈልገው 1 ሚሊአምፔር ተኩል እንኳ አይሞላም። ሁለቱን ከአርዱይኖው አንድ ባለ 5 ቮልት ፒን ላይ ካጠጣሃቸው ትልቁ ጠቅ ሲል ትንሹ ይደነግጣል። ለሪሌዩ የራሱን ፓወር ሰፕላይ ስጠው። ግራውንዳቸውን ግን አገናኝ። ሴንሰሩ ጋ ደግሞ በቀይና በጥቁር ሽቦው መካከል 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገባ። ዋጋዋ ምንም አይደለም፣ ሥራዋ ግን ብዙ ነው።

−127 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ችግርህ ያለው እዚህ ነው።

በጥያቄህ ስለ ሬዚስተር አንድም ቃል አላነሳህም። እንደሌለ ልገምት። ይህ ሴንሰር በአንድ የዳታ ሽቦ ነው የሚያወራው፣ ለመላክም ለመቀበልም ያቺው አንድ ሽቦ ናት። ደግሞ ማይክሮኮንትሮለሩም (የአርዱይኖው ዋና ቺፕ) ሴንሰሩም ሽቦዋን ወደ ታች፣ ወደ ዜሮ ቮልት፣ መጎተት ብቻ ነው የሚችሉት። ወደ ላይ የሚመልሳት ማንም የለም፤ ከሬዚስተሩ በስተቀር። በር ላይ እንደ ታሰረ ላስቲክ አስበው። ማንም በሩን ገፍቶ መክፈት ይችላል፣ የሚዘጋው ግን ላስቲኩ ነው። ላስቲኩ ከላላ በሩ ይዘጋል፣ ግን እየተንቀራፈፈ ነው።

መንቀራፈፉ ለምን ይጎዳል? አንድ ቢት ስታነብ ሰዓቱ ጠባብ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ ሽቦዋን ለአፍታ ወደ ታች ይጎትታል፣ ይለቃታል፣ ከዚያ መጀመሪያ ከጎተተበት ቅጽበት አንስቶ በ15 ማይክሮሰከንድ ውስጥ አይቶ መወሰን አለበት። ሽቦዋ ወጥታ ካገኛት 1፣ ወርዳ ካገኛት 0። አሁን ያንተን ገመድ እናስላ። እንዲህ ዓይነት ገመድ በሜትር እስከ 100 ፒኮፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ይኖረዋል። 6 ሜትር ሲሆን 600 ፒኮፋራድ። የኡኖው የውስጥ ፑል-አፕ፣ ሽቦዋን ወደ ላይ የሚመልሰው ሬዚስተር፣ ከ20 እስከ 50 ኪሎኦም ነው፣ መሀሉን 35 ውሰድ። 35 ኪሎኦም በ600 ፒኮፋራድ ሲባዛ 21 ማይክሮሰከንድ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ሽቦዋ የሁለት ሦስተኛውን መንገድ እንኳ በቅጡ አልወጣችም፣ የተሰጠህ 15 ግን አልፏል። 1 የነበረው ቢት 0 ሆኖ ይነበባል። በ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር አስላው፦ 2.8 ማይክሮሰከንድ። ጊዜ ተርፎህ ትቀመጣለህ።

ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ባለ 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ፈልግ። ቀለሙ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ ነው። አንዱን ጫፍ ከዳታው፣ ሌላውን ከ5 ቮልቱ አገናኝ፣ አርዱይኖው አጠገብ። ለሁለቱም ሴንሰር አንድ ይበቃል፤ ሁለት ካደረግክ ግማሹ ይሆናል፣ እሱም ክፉ አይደለም። ገመድህን ወደፊት ከዚህ ካስረዘምከው ወደ 2.2 ኪሎኦም ውረድ። ከ1.2 ኪሎኦም በታች ግን አትሂድ። ሴንሰሩ ወደ ታች ሲጎትት የሚችለው 4 ሚሊአምፔር ያህል ነው፤ ላስቲኩ ከጠነከረበት በሩን መክፈት ያቅተዋል።

ሁለቱን ሴንሰሮች እንዴት እንደ ቀጠልካቸውም አልነገርከኝም። ከአርዱይኖው ሁለት የተለያዩ ረጃጅም ገመዶች ወደተለያየ አቅጣጫ ካወጣህ፣ ምልክቱ ጫፍ ላይ ተጋጭቶ ይመለስና ያምታታል። አንድ ዋና ገመድ ዘርጋ፣ ሴንሰሮቹን በአጭር በአጭሩ እሱ ላይ ቀጥል። የቀጠልክበትን ቦታ አጠማዝዘህ በፕላስተር ብቻ አትለፈው። ሶልደር አድርገው፣ ሸፍነው። ማስፈልፈያ ውስጥ እርጥበት አለ፤ የተጠማዘዘ መዳብ በወር ውስጥ ይዝጋል። የሴንሰሩን ገመድ ከአምፖሉ የ220 ቮልት ገመድ ጋር አንድ ላይ ማሰርም ይቅርብህ። ሪሌዩ ጠቅ ሲል የሚመጣው −127 ግማሹ ከዚያ ነው። መተላለፍ ካለባቸው መስቀለኛ ሆነው ይተላለፉ።

የሽቦዎቹ ቀለም ብዙ ጊዜ ቀይ ኃይል፣ ጥቁር ግራውንድ፣ ቢጫ ዳታ ነው። ዳታው ነጭ የሆነም አለ። የሻጩን ወረቀት ሳታይ አታገናኝ። ኃይሉን ገልብጠህ ከሰጠኸው ወዲያው ጣት የሚያቃጥል ሙቀት ያወጣል። ቶሎ ከነቀልከው አንዳንዱ ይተርፋል።

ስለ ላይብረሪው ስም ደግሞ፦ «ዳላስ» የሚል ስታይ ከተማዋ ግራ አታጋባህ። ቺፑን የሠራው ዳላስ ሴሚኮንዳክተር የሚባል የቴክሳስ ኩባንያ ነበር። ማክሲም በ2001 ገዛው። ማክሲምን ደግሞ አናሎግ ዲቫይሰስ በ2021 ጠቀለለው። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ላይብረሪው የድሮ ስሙን እንደያዘ ቀረ።

አሁን የፈላው ውሃ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ነው። ቢሾፍቱ ትንሽ ዝቅ ስለምትል 93 ተኩል ገደማ። ማለት ሴንሰሮችህ በትክክል ነው የነገሩህ። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ሴንሰር ቆሻሻ ውስጥ እንደ ገባ አላውቅም፤ እኔ ራሴ ሁለት ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ እስከ ዛሬ እየተጠቀምኩባቸው ነው። «100 አልደረሰም» ብሎ ኮዱ ላይ 6 ዲግሪ የሚጨምርም አጋጥሞኛል። ይህን ማስፈልፈያ ላይ እንዳታደርገው፤ ስክሪኑ 37.5 እያለ እንቁላሎቹ 31 ተኩል ላይ ይቀመጣሉ።

በከፍታ የማይለወጠው በረዶ ነው። ንጹሕ በረዶ ሰባብረህ ብርጭቆ ሙላ፣ እንዲያረጥበው ትንሽ ውሃ ጨምር፣ እያማሰልክ አምስት ደቂቃ ጠብቅ። 0 መሆን አለበት። ግን ላንተ ይህም በቂ አይደለም። 0 ላይ ያለው ስህተትና 37 ላይ ያለው ስህተት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

እዚህ ላይ የ0.6 ልዩነትህ ይገባል። የሴንሰሩ ሰነድ ከ−10 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ክልል በ0.5 ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊሳሳት ይችላል ይላል። አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ከሳቱ ሁለቱ እስከ 1 ዲግሪ ሊራራቁ ይችላሉ። 0.6 በውሉ ውስጥ ነው። ስክሪንህ 37.5625 ብሎ አራት አሃዝ ሲደረድር እንዳያታልልህ። ያ የመሰላሉ ደረጃ ጥበት ነው እንጂ መሰላሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል ማለት አይደለም። ለክፍል ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ምንም አይደለም። ለእንቁላል ግን 37.5 እና 38 አንድ አይደሉም፤ 21 ቀን ሙሉ ግማሽ ዲግሪ ሲያልፍ ጫጩቱ ቀድሞ ይወጣል፣ ደካማ የሚሆንም አለ።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ከፋርማሲ ዲጂታል የትኩሳት መለኪያ ግዛ። እነዚህ የሰው ትኩሳት ክልል ላይ ብዙዎቹ በ0.1 ዲግሪ ውስጥ ትክክል ናቸው፤ ያ ደግሞ ላንተ የሚያስፈልግህ ክልል ነው። ፔርሙስ ውስጥ 38 ዲግሪ አካባቢ ውሃ አድርግ። ሁለቱን ሴንሰሮችና መለኪያውን ጫፍ ለጫፍ በላስቲክ እሰራቸው፣ ወደ ውሃው መሀል አስገባቸው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፦ የትኩሳት መለኪያ ያየውን ከፍተኛ ቁጥር ነው ይዞ የሚቆየው፣ ውሃው ቢበርድም አይወርድም። ስለዚህ መጀመሪያ ሴንሰሮቹ ውሃው ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆዩና ይረጋጉ፣ መለኪያውን ያኔ አብራው። ድምፅ እንዳሰማ የሦስቱንም ቁጥር ጻፍ። ሦስት ጊዜ ድገመው። መለኪያው 37.8፣ ሴንሰሩ 38.1 ካለ ለዚያ ሴንሰር 0.3 ትቀንሳለህ። ለእያንዳንዱ ለብቻው።

«ለእያንዳንዱ» ስል አንድ ወጥመድ አለ። እያንዳንዱ ሴንሰር ከፋብሪካ የራሱ የማይለወጥ ባለ 64 ቢት አድራሻ አለው። ለዚህ ነው ሁለቱ በአንድ ሽቦ የሚኖሩት። ግን ብዙ ሰው ኮዱ ላይ «ዜሮኛው ሴንሰር፣ አንደኛው ሴንሰር» እያለ በተራ ቁጥር ነው የሚጠራቸው። ዜሮኛው ገመዱ ከላላ ምን ይሆናል? ላይብረሪው ሽቦዋን ሲፈትሽ አንዱን ብቻ ያገኝና እሱን ዜሮኛ ይለዋል። የላይኛው ሴንሰር ቁጥር በታችኛው ስም፣ በታችኛው ማረሚያ ይመጣልሃል። አንተ ምንም አታውቅም። አድራሻቸውን አንዴ አንብበህ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ገመዳቸው ላይ ምልክት አድርግ፣ ኮዱ ውስጥም በአድራሻቸው ጥራቸው።

ዘጠነኛው ባይት ሲአርሲ ነው፣ የተቀሩት ስምንቱ በመንገድ እንዳልተበላሹ ማረጋገጫ። ላይብረሪው ይፈትሽልሃል። ላይብረሪ ሳትጠቀም ራስህ የምትጽፍ ከሆነ ግን ዘጠኙም ዜሮ ሆነው ከመጡ ፈተናውን እንደሚያልፉ እወቅ፤ የዜሮዎች ሲአርሲም ዜሮ ነው። ያኔ ስክሪንህ በኩራት 0 ዲግሪ ይልሃል።

ኮዱን ሙሉ አልጽፍልህም፣ ሐሳቡን ግን ልስጥህ። ንባብ ሲመጣ ከ10 በታች ወይም ከ50 በላይ ከሆነ አትመነው። ማስፈልፈያ እነዚህ ቁጥሮች ጋ ምንም ጉዳይ የለውም። −127፣ 85 እና የውሸቱ 0 ሁሉም በዚህ አንድ ወንፊት ይቀራሉ። ያልታመነ ንባብ ሲመጣ የቀድሞውን ይዘህ ቆይ። በተከታታይ አምስት ጊዜ ካልታመነ አምፖሉን አጥፋ፣ ባዘሩን አስጩህ። ለምን ማጥፋት? እንቁላል ለአንድ ሰዓት ቢበርድ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ እናቲቱም ለመብላት ትነሳለች። ለአንድ ሰዓት ቢቀቀል ግን አለቀ። ሁለቱ ሴንሰሮች ከታረሙ በኋላ ከ1 ዲግሪ በላይ ከተለያዩም ባዘሩ ይጩህ። አምፖሉን ደግሞ 37.4 ላይ አብራ፣ 37.6 ላይ አጥፋ። በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ ካደረግከው ሪሌዩ ሲንጣጣ ያድራል።

ሪሌይ ግን ሲያረጅ ምላሱ ተጣብቆ ይቀራል። ያኔ ኮድህ «አጥፋ» ቢልም አይጠፋም። ለዚህ ከማይክሮኮንትሮለሩ ነፃ የሆነ ሜካኒካል ተርሞስታት ግዛ፣ 39 ላይ እንዲቆርጥ አድርገህ በአምፖሉ መስመር ላይ በተከታታይ አስገባው። በሰላሙ ጊዜ ምንም አይሠራም። እዚያ መኖሩ ነው ሥራው።

ሴንሰሮቹን በእንቁላሎቹ ከፍታ ላይ አድርጋቸው፤ አምፖሉ በቀጥታ እንዳያያቸው።

ይህን ሁሉ ስትጨርስ ሳጥኑን ባዶውን ሁለት ቀን አሠራው። በሁለተኛው ቀን አምፖሉ በርቶ እያለ የዳታውን ሽቦ በእጅህ ንቀል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አምፖሉ ጠፍቶ ባዘሩ መጮህ አለበት። ከዚያ መልሰህ ስካውና ዋናውን መብራት ከቆጣሪው አጥፍተህ አብራ፤ ስክሪኑ ላይ 85 ለአንዴም መታየት የለበትም። ሁለቱንም ካለፈ እንቁላሉን አስገባ። ከሁለቱ አንዱን ካላለፈ የኮድህንና የሽቦህን ፎቶ ላክልኝ፣ እንቁላሎቹን ግን እናቲቱ ጋ አቆያቸው።